ሙጫና ወርቅ

ኮሎምቢያ፣ ሚዙሪ

ከመግባቴ በፊት ደረቴ ላይ የጨረር መለኪያ ሰኩልኝ። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የኑክሌር ምርምር ሪአክተር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ ኃይሉ 10 ሜጋዋት ነው። ከገንዳው አፋፍ ቆሜ ቁልቁል ሳይ፣ ከውሃው ሥር ሰማያዊ ብርሃን ጸጥ ብሎ ይበራል።

በተፈጥሮ የምናገኘው ወርቅ ሁሉ ወርቅ-197 ነው። ስስ የወርቅ ቅጠል ሪአክተር ውስጥ ሲሰነብት፣ ጥቂቱ አቶም ኒውትሮን እየተቀበለ ወርቅ-198 ይሆናል። ያንን በአሲድ አሟምተው፣ በናኖሜትር የሚለካ ቅንጣት አድርገው ይሠሩታል። ጨረር አመንጪው ከውጭ ስላልተለጠፈ ከቅንጣቱ አይላቀቅም፤ ጨረሩ የሚወጣው ከወርቁ ከራሱ ነው። ጋማ ጨረሩ ቅንጣቱ የትኛው አካል ውስጥ እንዳለ ይጠቁማል፤ ቤታ ጨረሩ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ተጉዞ በአቅራቢያው ያለውን የካንሰር ሕዋስ ይገድላል።

አሠራሩን አንዲት ተመራማሪ ጨረር በሌለው ወርቅ አሳየችኝ። ወርቁ የሟሟበት ፈዛዛ ቢጫ ውሃ ዓይኔ እያየ የወይን ጠጅ መሰለ። “ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይዘቅጡ ምን ይይዛቸዋል?” አልኳት። ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አውርዳ ሰጠችኝ። ውስጡ ማር የመሰለ፣ እንደ ጠጠር የደረቀ ነገር አለ። ገና ሳየው አወቅሁት፤ በልጅነታችን ከግራር ግንድ እየላጥን ያኘክነው ሙጫ ነው!

ካቴሽ ካቲና ባልደረቦቹ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙጫ የለበሰውን ወርቅ-198 የሰው ፕሮስቴት ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች ዕጢ ውስጥ አንድ ጊዜ ወጉት። በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የታከሙት አይጦች ዕጢ ካልታከሙት ከ80 በመቶ በላይ አንሶ ተገኘ። በደም ሥር ሲሰጥ ግን ብዙው ቅንጣት ጉበት ላይ ይቀራል፤ ዕጢው ውስጥ በቀጥታ የሚወጋውም ለዚህ ነው።

ማታ ማረፊያዬ ስገባ ያሰብኩት ስለ ጊዜ ነው። ወርቅ-198 በ2.7 ቀን ግማሹ ሜርኩሪ ይሆናል፤ በሳምንቱ የሚተርፈው ከስድስት እጅ አንድ እጅ ነው። በኛ ወግ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ እዚህ ቀድሞ የሚሄደው ወርቁ ነው። ሙጫውን በጆንያ ወደ ውጭ እንልካለን፤ ይህን ወርቅ ግን በመርከብ አስጭነን፣ ጉምሩክ አስቀምጠን አንጠብቀውም። የሚሻው አገር ሠሪውን በደጁ ቢያፈራ ይሻለዋል። ሙጫው አለን፤ የቀረን እጁ ነው።