ሞተሩ ይውረድ ከመባሉ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሹፌር ከመካኒክ አፍ መስማት የማይፈልገው ቃል ቢኖር «ሞተሩ አልቋል» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው። የሚያስከትለው ግን የዕቁብ ገንዘብ፣ የሳምንታት ሥራ መፍታት፣ አንዳንዴም ያልተከፈለ የቤት ኪራይ ነው። መኪናዋ መዝናኛ ሳትሆን እንጀራ ስትሆን ደግሞ ፍርዱ በሰው ላይ የተፈረደ ያህል ይከብዳል።

ችግሩ ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሳይለካ መሆኑ ነው። መካኒኩ ድምፁን ይሰማል፣ ጭሱን ያያል፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ መዳፉን ይደቅናል። ከዚያ «ኮምፕሬሽን የላትም፤ ይውረድ» ይላል። አንዳንዴ ልክ ነው። ልምድ ያለው ጆሮ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ጆሮ የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ፣ ምን ያህል እንደደከመና በምን ምክንያት እንደደከመ በቁጥር አይነግርም። ይህን የሚናገር አነስተኛ መሣሪያ አለ፤ ኮምፕሬሽን ጌጅ ይባላል።

ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ፒስተን ወደ ላይ ሲወጣ አየርና ቤንዚኑን ጠባብ ቦታ ላይ ያምቃል። መኪና ጉልበት የምታገኘው ይህ የታመቀ ድብልቅ ሲቃጠል ነው። አየሩ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ካገኘ ጉልበቱም አብሮ ይሄዳል። ዋናዎቹ ማምለጫዎች 3 ናቸው፦ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ፋሻ፣ ቫልቮቹ እና የቴስታታው ጋስኬት። ዋናው ጥያቄ «በየትኛው?» የሚለው ነው። ቫልቭ ወይም ጋስኬት ከሆነ ቴስታታው ብቻ ተነስቶ ሊሠራ ይችላል። ፋሻ ከሆነ ግን ፒስተኖቹ መውጣት አለባቸው። ሁለቱ በዋጋ አይገናኙም።

በባለ 4 ሲሊንደር ቪትዝ የራይድ ሥራ የሚሠራ አንድ ሹፌር እንበል። መኪናው ቆማ ስትንተፋተፍ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ትደክማለች። መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ካንዴላ፣ ኮይልና ነዳጅ መርጫ ናቸው፤ የእነሱም ብልሽት ልክ እንደዚህ ያንቀጠቅጣል። እነሱ ደህና ከሆኑ ወደ ልኬቱ ይገባል። ሞተሩ ይሞቃል። የነዳጁ ፓምፕ ፊውዝ ይነቀላል፣ ኮይሎቹ ይለያያሉ፣ 4ቱም ካንዴላዎች ይወጣሉ። ጌጁ በአንዱ ቀዳዳ ይታሰራል። አንድ ሰው ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጦ ቁልፉን ይይዛል፤ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞራል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ወይም ነዳጅ መስጫው ካልተረገጠ ጤነኛ ሞተርም በሽተኛ ሆኖ ይነበባል። ብዙ መኪና በዚህ ስህተት ተኮንኗል።

ቁጥሮቹ 140፣ 138፣ 141 እና 95 ፒኤስአይ ወጡ እንበል። አሁን «ሞተሩ አልቋል» የሚለው ቃል ቦታ የለውም። 3ቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ የታመመው 4ኛው ነው። ቀጣዩ እርምጃ በ4ኛው የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ዘይቱ ለጊዜው በፋሻው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ይደፍናል። ቁጥሩ ጉልህ ሆኖ ከጨመረ ጥፋቱ የፋሻው ነው። 95 ላይ ከቀረ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ይዞራል። ጎን ለጎን ያሉ 2 ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። 4ቱም እኩል ከወረዱ ከአጠቃላይ እርጅና በፊት ባትሪው፣ የልኬቱ አሠራርና የታይሚንግ ሰንሰለቱ ይፈተሹ።

የበለጠ እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ጋራዥ የጎማ መንፊያውን ኮምፕረሰር ይጠቀማል። ፒስተኑ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ሳሉ በካንዴላው ቀዳዳ አየር ይለቀቃል፤ ከዚያ ጆሮ ሥራውን ይሠራል። ፉጨቱ በጭስ ማውጫው ከተሰማ የማስወጫ ቫልቩ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ከተሰማ የማስገቢያ ቫልቩ፣ በዘይት መሙያው ከተሰማ ፋሻው ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጋስኬቱ ነው። የመካኒኩ ልምድ የሚከበረው እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው ጆሮውን ይረዳዋል እንጂ አይተካውም።

አዲስ አበባ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገር አለ። ከተማዋ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው 3 አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 180 ፒኤስአይ የሚያነብ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ሲደርስ 135 አካባቢ ቢያነብ ታሞ አይደለም፤ የሚያምቀው አየር ራሱ ስስ ስለሆነ ነው። ያው ሞተር ድሬዳዋ ቢወርድ ቁጥሩ መልሶ ይጨምራል። በአምራቹ መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እንደወረደ ይዞ የሚፈርድ ሰው ደህናውን ሞተር ሊያስወርድ ይችላል። በደጋ ከተማ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ይበልጣል። በተለምዶ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከወረደ ችግር አለ ይባላል፤ ጠበቅ ያለ መመሪያ ያላቸው አምራቾችም አሉ።

ይህ ሁሉ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጋራዥ ግድግዳ ውስጥ ይቀር ነበር። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የፖሊሲውን ጥቅምና ጉዳት መከራከር ይቻላል። የማያከራክረው ግን የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው ባለችው አሮጌ መኪና መቆየት እንዳለበት ነው። አሮጌ ሞተር ዕድሜው በተራዘመ ቁጥር የመካኒክ ፍርድ ክብደት ይጨምራል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛም ከዚህ አያመልጥም። ሻጭ ገዢው ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን ሊያሞቀው፣ ጭሱን ለመደበቅም ወፍራም ዘይት ሊሞላ ይችላል። ወፍራም ዘይት የኮምፕሬሽኑን ቁጥር ራሱ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ብልህ ገዢ በጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሄዶ ሲነሳ ያያል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይነግረዋል። ደላላው ሲያጣድፈውም ልኬቱ ሳይሠራ ቀብድ አይሰጥም። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ለሚገዛም ምክሩ ያው ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ተፈቶ መሬት ላይ የተዘረጋ ሞተር ግን እንደ ፈሰሰ እህል ተለቅሞ አይመለስም። ከተፈታ በኋላ «ለካስ ቫልቭ ብቻ ነበር» ቢባል፣ የጉልበቱ ዋጋ፣ የጠፋው ቀንና የተገዛው ዕቃ በባለመኪናው ጫንቃ ላይ ነው።

ስለዚህ ሹፌር «ጋሼ፣ ከመፍታታችን በፊት እንለካው፤ የ4ቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍልኝ» ማለት መብቱ ነው። ይህ መካኒኩን መናቅ አይደለም። ሐኪም ሆድ ከመቅደዱ በፊት ምርመራ ሲያዝ ማንም ሙያውን አልናቀም። ሙያውን የሚያውቅ መካኒክ ጥያቄው አያስቀይመውም፤ ጌጁን ያወጣል። በጥያቄው የሚቆጣ ካለ ደግሞ ባለመኪናው ቁልፉን ተቀብሎ ሌላ ጋራዥ ቢሞክር ይሻለዋል።