በሴንት አንድሩስ ሜዳ ባልና ሚስት በአንዲት ኳስ

ባልና ሚስት በማዕድ፣ በጸሎትና በልጆች አስተዳደግ አንድ መሆናቸው የታወቀ ነው። በጨዋታ ግን አንድ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ባል ከወዳጆቹ ጋራ፣ ሚስትም ከጎረቤቶቿ ጋራ መጫወት ልማድ ሆኖ ይኖራል። እኔና ባለቤቴም ከተጋባን ጀምሮ 19 ዓመት በዚሁ ልማድ ኖረናል። ባለፈው ሰኔ ወር ወደ ስኮትላንድ አገር ሄደን በሴንት አንድሩስ ከተማ ሦስት ሌሊት ባደርን ጊዜ ግን ከአንዲት ትንሽ ኳስ የተማርነው ነገር አለ፤ ይህንኑ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ለማካፈል ወደድሁ።

ሴንት አንድሩስ ማለት በእኛ አጠራር ቅዱስ እንድርያስ ማለት ነው፤ ከተማዪቱ በሐዋርያው ስም ተጠርታለች። ከኤዲንብራ ተነሥተን በምድር ባቡር እስከ ሉካርስ ጣቢያ ደረስን። ወደ ከተማዪቱ ይገባ የነበረው ሐዲድ በ1969 ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር ስለ ተዘጋ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፣ የቀረውን 8 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአውቶቡስ ፈጸምን። ከተማዪቱ በባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የፈረሰው የጥንት ካቴድራል ግድግዳ እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ በ1413 ዓመት የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲም በዚያው አለ። የዌልስ ልዑል ዊልያምና ባለቤታቸው ልዕልት ካትሪን የተዋወቁት በዚህ ትምህርት ቤት ሲማሩ ነው።

ከከተማዪቱ ዳርቻ ጀምሮ በባሕሩ አጠገብ አሸዋማና ጕብታ የበዛበት የሣር መሬት ተዘርግቷል። ለእርሻ የማይመች በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ የበግ መሰማሪያና የሕዝብ መጫወቻ ሆኖ ኖረ፤ በ1552 ዓመት የተጻፈ ደብዳቤም ሕዝቡ በሜዳው ጎልፍ የመጫወት መብት እንዳለው አጸናለት። ይህን ጨዋታ ያላየ ሰው የገናን ጨዋታ ያስብ። በገና ግን ሁለት ወገን በአንዲት ሩር ሲሻማ፣ በጎልፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ እየመታ 10.8 ሳንቲ ሜትር ስፋት ወዳላት ጕድጓድ ያገባል። ጕድጓዶቹ 18 ናቸው፤ በጥቂት ምት ሁሉንም የጨረሰ ያሸንፋል። አሮጌው ሜዳ የሚባለው ዋናው ስፍራ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል።

የደረስነው እሑድ ቀን ነበር። በእሑድ በአሮጌው ሜዳ ጨዋታ ስለማይደረግ፣ የከተማው ሰው ልጆቹንና ውሾቹን እየመራ ይንሸራሸርበታል። እኛም ስዊልካን በሚባለው ወንዝ ላይ ያለችውን ትንሽ የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን። በድልድዪቱም ላይ ብዙ ባልና ሚስት ተያይዘው ፎቶግራፍ ሲነሡ አየን።

ይሁን እንጂ ይህ ሜዳ ባልና ሚስትን ሁልጊዜ አላገናኘም። በ1754 ዓመት የተቋቋመው፣ በ1834 ዓመትም ከንጉሥ ዊልያም 4ኛ የንጉሣዊነት ማዕርግ የተቀበለው የጨዋታው ማኅበር የወንዶች ብቻ ነበር። ሴት ዱላን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ መምታቷ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበር፣ ሚስቶችና ሴቶች ልጆች በ1867 ዓመት የራሳቸውን ማኅበር አቁመው ከታላቁ ሜዳ አጠገብ ባለች ትንሽ ስፍራ ኳስን በቀስታ መግፋት ብቻ ይጫወቱ ጀመር። ባል በታላቁ ሜዳ፣ ሚስትም በታናሹ ሜዳ ሲጫወቱ ብዙ ዘመን አለፈ። የወንዶቹ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል ድምፅ የሰጠው በ2014 ዓመት፣ ከተቋቋመ ከ260 ዓመት በኋላ ነው። በሚከተለውም ዓመት የንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ልዕልት አን በክብር አባልነት ከተቀበሏቸው ሴቶች አንዷ ሆኑ።

የሴቶቹ ታናሽ ሜዳ ዛሬም አለ። መሬቱ ኮረብታና ሸለቆ ስለ ሞላበት ሂማላያ ብለው ይጠሩታል። ጥቂት ገንዘብ የከፈለ እንግዳ ሁሉ ስለሚጫወትበት፣ ለእንደ እኛ ያለ ጀማሪ የሚገባው ይህ ነው ብለን ሰኞ ጧት ሄድን። እያንዳንዳችን አንድ ዱላና አንድ ኳስ ተቀበልን።

እኔ ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ ዱላ ጨብጬ ስለማውቅ አስተማሪ ሆንሁ። «ዱላውን እንዲህ ያዢው፤ እግርሽን ወዲህ አድርጊ፤ ቀስ በዪ አላልሁሽም?» እያልሁ ከመጀመሪያው ጕድጓድ እስከ ስድስተኛው ድረስ አፌን አልዘጋሁም። በስድስተኛው ላይ ባለቤቴ ዱላዋን በሣሩ ላይ አጋድማ፣ «ጌታዬ፣ ብቻዎን ይጨርሱ፤ እኔ ባሕሩን እያየሁ እቈያለሁ» አለችኝ።

ከኋላችን የሚከተሉ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ቋንቋችንን ባይሰሙም ነገሩ የገባቸው ይመስላል። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «እኛስ በሁለት ኳስ መጫወት ከተውን ብዙ ዘመናችን ነው» አሉኝና ሌላውን የጨዋታ ዐይነት አስረዱን። ይኸውም ሁለት ሁለት ሆነው አራት ሰዎች ስለሚጋጠሙበት ፎርሰምስ ይባላል። ሁለቱ ተባባሪዎች አንዲት ኳስ ብቻ ይኖራቸዋል፤ አንዱ ይመታል፣ ሁለተኛው ኳሲቱ ከወደቀችበት ስፍራ ተቀብሎ ይመታል። ጕድጓዶቹንም በተራ ይጀምሯቸዋል፤ አንዱ በጐደሎው ቍጥር፣ ሌላው በሙሉው ቍጥር። የባልደረባውን ተራ የወሰደ ሰው ቢኖር በጨዋታው ሕግ ይቀጣል። አረጋዊት ባለቤታቸውም፣ «ከሁሉ የሚበልጠው ግን የይቅርታ ቃል አለማብዛት ነው፤ ሆን ብሎ የሚያበላሽ የለምና» ብለው ጨመሩልን።

እኛም አንዲቱን ኳስ መልሰን እንደገና ጀመርን። በሁለተኛው ጕድጓድ እኔ በኀይል ብመታት ኳሲቱ ኮረብታውን ተሻግራ በሸለቆ ውስጥ ተደበቀች። ባለቤቴ ወርዳ አየቻት፤ አንዳች ቃል ሳትናገር ቀስ አድርጋ ወደ ላይ መለሰቻት። ከእኔ የተረፈው ሥራ አንድ ክንድ ብቻ ነበረ።

በዚያች ቅጽበት ከ11 ዓመት በፊት ያደረግሁት ነገር ትዝ አለኝ። ወደ ሩቅ ስፍራ እንድዛወር በተጠየቅሁ ጊዜ ባለቤቴን ሳላማክር እሺ ብዬ ነበር። እርሷ ነገሩን የሰማችው ደብዳቤው ከወጣ በኋላ ነው። ቤቱን አሰናድታ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥታ፣ የታመሙ እናቷን ለእኅቷ ዐደራ ሰጥታ ተከተለችኝ። ኳሲቱን የመታሁ እኔ ነበርሁ፤ ከወደቀችበት ያነሣቻት ግን እርሷ ናት። እኔም ያን ጊዜ ሁሉ የቤታችንን ጨዋታ በደኅና የምመራ ይመስለኝ ነበር።

ማታ በእራት ሰዓት ይህንኑ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ፣ «ይህን ለመስማት ባሕር መሻገር ኖሮብኛል» አለችና ሣቀች። ቀጥላም፣ «ከእንግዲህ ተራዬን አይውሰዱብኝ» አለችኝ። ቃሏ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከአገራችን ስንነሣ ሌላ የዝውውር ጥያቄ ቀርቦልኝ መልስ ሳልሰጥ መጥቼ ነበርና።

ጎልፍ ለባልና ሚስት የሚስማማ ጨዋታ መሆኑን የሚያስረዳ ሌላም ነገር አለ። ለሴቶች የመጀመሪያው መምቻ ስፍራ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ ይሠራላቸዋል፤ ለደካማውም ተጫዋች እንደ ችሎታው መጠን ከምቱ ላይ ይቀነስለታል። ስለዚህ ብርቱና ደካማ፣ ወጣትና ሽማግሌ ሳይተፋፈሩ ይጋጠማሉ። ነገር ግን ጥቅሙን ለማግኘት የግድ ሜዳና ዱላ አያስፈልግም። ገበጣም ቢሆን፣ ወይም በማታ በእግር መንሸራሸር፣ ተራን ጠብቆ የባልደረባን ሥራ ከደረሰበት ተቀብሎ መቀጠልን ያስተምራል።

አገራችን ከገባን በኋላ የዝውውሩን ነገር ለባለቤቴ አቅርቤ፣ «ይህን ጕድጓድ የምትጀምሪው አንቺ ነሽ» አልኋት። እርሷም ሦስት ቀን አስባ፣ የመጨረሻው ልጃችን ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ ባለንበት እንድንቈይ ፈረደች። እኔም ከዚያው ተቀብዬ መልሱን ጻፍሁ።