ላይ ስንት አለ?

ቅዳሜ ዕለት መኪናዬን ሚዛን ላይ አወጣኋት። 3,640 ኪሎ። ሚዛኑ ቤት ያለው ሰውዬ ወረቀቱን በመስኮት ሲያቀብለኝ ሳቅ ብሎ "ቢራውን ቤት ትተኸው ና" አለኝ። ቢራ የለም። ያለው ምጣድ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ። ረጅም ነው፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። መጨረሻው ላይ ደግሞ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ፣ በተለይ የራቤል ልጆችን።

እንደምታውቁት ያለሁት ጀርመን አገር ነው። ዐምና አንድ ያገለገለ ፊያት ዱካቶ ገዛሁ። ዕቃ መጫኛ ነው፤ ውስጡ ባዶ ቆርቆሮ። እዚህ ሰው እንዲህ ያለውን ይገዛና አልጋ፣ ማድ ቤት፣ ውሃ፣ መብራት አስገብቶ፣ ቤት አድርጎት ልጆቹን ይዞ ይዞርበታል። እኔም ለአራት ሰው የሆቴል ሒሳብ ሳሰላ አሞኝ ነበርና ልሞክረው አልኩ። ብርዱን በሙሉ ከሥራ መልስ ጣውላ ስቆርጥና ብሎን ሳስር ከረምኩ።

አገር ቤት ያላችሁ ስትስቁ ይታየኛል። ግን እኛም እኮ ይህን ነገር እናውቀዋለን። ቅጥቅጥ ምንድነው ታዲያ? የጭነት አይሱዙ አይደል? ሻንሲው ላይ ቆርቆሮ ቀጥቅጠው፣ ወንበር ደርድረው፣ ፖርቶመጋላ ደፍተውበት አውቶቡስ ያደረጉት! ልዩነቱ እዚህ "ቤት አደረግኳት" ስትል "እሺ፣ አሁን ስንት ትመዝናለች?" የሚል ጥያቄ ይከተልሃል።

በኛ ሊብሬ ጭነት የሚጻፈው በኩንታል ነው። በጀርመኑ ሊብሬ በኪሎ ነው። የኔዋ ላይ 3,500 ይላል፤ መኪናዋ፣ ነዳጁ፣ ውሃው፣ ሰው፣ ካልሲ ሳይቀር ተደምሮ ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ለፊተኛው ጎማ 1,850፣ ለኋለኛው 2,000 ብሎ ለየብቻ ይገድባል። ሁለቱን ብትደምሩ 3,850 ይመጣል። አትጎምጁ፣ እሱ አይፈቀድም። ሦስቱንም ቁጥር ነው ማክበር ያለብህ። ፖሊስ አስቁሞ መዝኖ በጣም አልፎ ካገኘህ ቅጣቱን ከፍለህ ብቻ አትሄድም፤ "ትርፉን እዚሁ አውርድ" ትባላለህ።

መኪናዋን አስመርምሮ ከፍ ባለ ክብደት ማስመዝገብ ይቻላል የሚሉኝ ነበሩ። ጎረቤቴ ሽማግሌው ጀርመናዊ መንጃ ፈቃዳቸው ከፈረንጆቹ 1999 በፊት የወጣ ስለሆነ እስከ ሰባት ቶን ተኩል ይነዳሉ፤ ለእሳቸው ምን ቸገራቸው። የኔው ግን ቢ ነው። ያውም ከኢትዮጵያ ይዤ የመጣሁትን አልቀበል ብለውኝ ጽሑፉንም መንዳቱንም እንደ አዲስ ተፈትኜ ያገኘሁት። ቢ ከ3,500 አያልፍም። በቃ።

ስገዛት ባዶዋን ከሹፌሩና ከነዳጁ ጋር 2,060 ነበረች። የቀረኝ 1,440። በኛ አቆጣጠር ከ14 ኩንታል በላይ ነው! አልጋና ምድጃ 14 ኩንታል ይሞላል እንዴ ብዬ ሚዛን ሳላይ ሠራሁ። የአልጋውን እግር ከአንግል ብረት በየድኩት፤ ረዳት የነበረ ሰው ብረት ካላየ አያምንም። ቁምሳጥኑን ጠንካራ ከሚባለው የበርች ኮምፔንሳቶ ሠራሁት። 15 ሚሊ ውፍረት ያለው በካሬ ሜትር ወደ አሥር ኪሎ ይመዝናል። የፖፕላሩ ከሱ በሲሶ ያህል እንደሚቀል ያወቅኩት ሁሉም ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ውሃ። ውሃ ሐቀኛ ነገር ነው፣ አንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ። መቶ ሊትር ሞላሁ። ከዚያ ሁለት አሮጌ ባትሪ፣ እያንዳንዳቸው 28 ኪሎ። ከዚያ ማቀዝቀዣ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የሁለቱ ልጆች ብስክሌት፣ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምጣዱ። እያንዳንዱ ብቻውን ምንም አይደለም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላው ቁጥር ይበልጥ አስደነገጠኝ። ፊተኛው 1,600፣ ኋለኛው 2,040። ከፊት ገና ቦታ አለ፤ ከኋላ ግን አልፌያለሁ። ጥፋተኛው የብስክሌት መስቀያው ነው። ከነብስክሌቶቹ 60 ኪሎ ይሆናል። ግን ከኋላ ጎማ ወዲያ ስለተንጠለጠለ ኋለኛው ጎማ ላይ የሚያርፈው 60 አይደለም፤ በኔ መኪና ርዝመት ሳሰላው 80 ገደማ ነው። ትርፉ 20 ከየት መጣ? ከፊተኛው ጎማ ላይ ተነስቶ። ዱካቶ ደግሞ የሚጎትተውም የሚጠመዘዘውም በፊተኛው ጎማ ነው።

ይህን ሳሰላ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ የራቤል ሰው፣ ነጋዴ ነበር። ገብስና የበግ ጠጉር በአህያ ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ማሽላና በርበሬ ይዞ ይወጣል። ሚዛን የሚባል አልነበረውም፤ ሚዛኑ ሁለት እጁ ነበር። የግራውንና የቀኙን ስልቻ ብድግ ብድግ አድርጎ ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ከአንዱ እፍኝ ገብስ ያወጣል። ዳገት ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቁልቁለት ላይ አንገት ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ መንገዱ በተለወጠ ቁጥር መጫኛውን ፈትቶ እንደገና ያስራል። የሱ አህያ ገጣባ አልነበራትም። ገበያ ላይ የሰው አህያ ገጣባ ሲያይ ባለቤቱን ቀና ብሎ አያየውም፣ ሰላምም አይለው።

አንድ ቀን፣ ልጅ ሳለሁ፣ እኔ ስጭን አንዱ ወገን ከበደብኝ። በቀለለው በኩል ድንጋይ ጨምሬ አመጣጠንኩት። ኮራሁ። አባቴ ድንጋዩን አውጥቶ ወረወረና "አንተ ልጅ፣ ከከበደው ትቀንሳለህ እንጂ በቀለለው ትጨምራለህ? ድንጋዩን የሚሸከመው ማነው?" አለኝ።

እንግዲህ ምን አድርጌ ነበር መሰላችሁ? ማድ ቤቱ በቀኝ ስለሆነ መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘንበል ትል ነበር። እኔ ብልጡ ለማመጣጠን ብዬ 31 ኪሎ የሚመዝን የመፍቻና የክሪክ ሳጥኔን በግራ አስቀምጬ ነበር። ድንጋዩን።

ቅዳሜ ማታ ሁሉን ግቢ ውስጥ ዘርግፈን ከባለቤቴ ጋር ሸንጎ ተቀመጥን። እኔ "ምጣዱ 14 ኪሎ ነው" ብዬ ስጀምር "ምጣዱን ከነካህ እኔንም አውርደኝ" አለች። እሺ። ብስክሌቶቹ ከነመስቀያቸው ቀሩ፤ ልጆቹ የደረስንበት ይከራያሉ። ውሃው ሃያ ሊትር ብቻ፤ የቀረውን ስንደርስ እንቀዳለን። ሁለቱን ባትሪ አውጥቼ አንድ 12 ኪሎ የሆነ ሊትየም አስገባሁ። ኪስ ይጎዳል፣ ግን አሮጌው ባትሪ ካለው ግማሹን ብቻ ነው በደህና የሚሰጥህ፣ ስለዚህ አንዱ ሁለቱን ይተካል። የአልጋውን ብረት ለከርሞ ተውኩት። "ይሄስ?" አለች፣ በእግሯ ወደ ሳጥኑ እያመለከተች። "መንገድ ላይ ምናልባት ቢበላሽ..." አልኳት። "እዚህ አገር ስልክ ስትደውል ይመጡ የለም እንዴ? ለጓሳ ነው የምትዘጋጀው?"

ጓሳ ስትል ዝም አልኩ። እሷ ሳታውቅ ነው የተናገረችው። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በ1999 ዓ.ም. ከራቤል መሐል ሜዳ፣ መሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን በምትሠራ ቅጥቅጥ ላይ ረዳት ነበርኩ። የዚያ ዘመን ሰው ታስታውሱኝ ይሆናል፤ ቀጭኑ፣ በር ላይ የምንጠለጠለው። "ትርፍ" የሚለው ቃል ሁለት ነገር እንደሆነ ያኔ ልብ አላልኩትም። ከወንበር በላይ የጫንከው ሰው ትርፍ ነው፤ ኪስህ የገባውም ትርፍ ነው። ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ "ዝቅ በሉ! ዝቅ በሉ!" እላለሁ፣ ትርፎቹ መሀል ላይ ቁጢጥ ይላሉ፣ ካለፍን በኋላ ሁሉም ይስቃል። በአገራችን የጭነት መኪና ሚዛን የለም አይባልም፤ በሞጆ መስመር የምትነዱ ታውቁታላችሁ። በኛ መንገድ ግን ሚዛኑ የረዳቱ አፍ ነበር።

ሹፌራችን ጠንቃቃ ሰው ነበር። ሞተር ሳያስነሳ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ "ላይ ስንት አለ?" እኔ የምለውን ሰምቶ ነው ማርሽ የሚያስገባው።

ያን ቀን ከራቤል የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ጨለማ ነበር። "ላይ ስንት አለ?" አለኝ። "ዘጠኝ" አልኩት። የጫንኩት ማዳበሪያ ገብስ አሥራ አራት ነው። የአምስቱ ሒሳብ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንዱ 50 ኪሎ ቢሆን እንኳ ጣራ ላይ ሹፌሩ የማያውቀው 250 ኪሎ አለ ማለት ነው።

ሰው አልሞተም፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጓሳ ውስጥ አንድ ኩርባ ላይ ዘንበል ስትል የቀኝ ኋላው ባሌስትራ ጓ ብሎ ተሰበረ። ጣራው ወደዚያው ጎተታት፤ ቦዩ ውስጥ ገብታ በጎኗ ተጋደመች። ልጇን ለማሳከም ደብረ ብርሃን የምትወስድ አንዲት እናት ክንዷ ተሰበረ። ልጁ አልተነካም። ያ ብርድ! ሰው ጋቢና ባናውን ተጋርቶ ሌላ መኪና እስኪመጣ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ገብሱ ተዘርግፎ ነበር። ባለቤቶቹ እየመጡ የየራሳቸውን እያፈሱ ወሰዱ፣ ማንም ስንት ነበር ብሎ አልቆጠረም።

ባለንብረቱ ሹፌሩን ፈጥነህ ነው ብሎ አባረረው። ሹፌሩ እየማለ ተከራከረ፦ "ላይ የነበረው ዘጠኝ ነው፣ በዘጠኝ ባሌስትራ አይሰበርም፣ ባሌስትራው አሮጌ ነው።" እኔን አምኖ እኮ ነው የሚምለው። እኔም አጠገቡ ቆሜ "አዎ፣ ዘጠኝ ነው" አልኩ።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ "ላይ ስንት ነበር?" አለኝ። "ዘጠኝ" አልኩት። "ዘጠኝ" አለ እሱም፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ለከብቶቹ ድርቆሽ ሊሰጥ ወጣ።

እሑድ ጠዋት ሳጥኑን አወረድኩ። ሰኞ እንደገና ተመዘንኩ። 3,420። ኋለኛው 1,880። (የኔ ሒሳብ 3,425 ነበር፤ ሚዛኑ በሃያ ሃያ ነው የሚቆጥረው።) እዚያው ግቢ ቆሜ ለአባቴ ደወልኩ። አሁን አርጅቷል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። ቤት ተመዘነ ብዬ ስነግረው ሳቀ። ስለ ብስክሌቱ መስቀያ ሳስረዳው አልጨረስኩም፣ "ጭነቱ ወደ ኋላ ሸሽቶባት ነዋ" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ላይስ? ላይ ምን ጭነሃል?" አለኝ።

"ላይ ምንም የለም አባባ" አልኩት። ከዚያ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፣ "አባባ፣ ያኔ ዘጠኝ አልነበረም" አልኩ።

ዝም አለ። ኔትዎርክ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"አሥራ አራት ነበር። በጨለማ ስትጭን ቆሜ ቆጥሬያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ጭነቱ ያንተ ነበራ" አለኝ። ከዚያ ስለ ገብሱ አወራኝ። ዘንድሮ ደህና ነው አለ።

አርብ እንነሳለን፣ ወደ ደቡብ። የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። የሹፌሩን ስም እዚህ አልጽፍም፤ በዚያ ዘመን በዚያ መስመር የተሳፈራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ደሴ መስመር ሄደ ሲባል ሰምቻለሁ። የት እንዳለ፣ ወይም የልጆቹን ስልክ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያቺን እናትም የምታውቁ ካላችሁ፤ ያኔ ልጇ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር።