ሀገር ለማየት ወይስ ሀገር ላለማየት?



"ዕድሉን ብታገኝ የት መሄድ ትፈልጋለህ?" የሚለው ጥያቄ በእኛ ዕድሜ ጓደኛሞች መካከል ሳይነሳ አይቀርም። መካን ማንም አይቆጥራትም፤ እሷ ምኞት ሳትሆን ኒያ ናት፣ አላህ ይወፍቀን። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ኢስታንቡል ነው (የቱርክ ድራማ ሥራውን ሠርቷል)፤ ከዚያ ዱባይ። የእኔ ዝርዝር ግን ሐረር፣ ነጃሺና የሞሮኮዋ ጣንጃ ናቸው። ሐረርን ስጠራ ጓደኞቼ ይስቃሉ። "እሱማ በአውቶብስ ይደረሳል!" ይሉኛል።

ይህ የመሄድ ፍላጎት ከየት እንደመጣብኝ ሳስብ ቤተሰቤ ውስጥ ሁለት ዓይነት መንገደኛ አገኛለሁ።

አባቴ ስልጤ ነው። ገና ልጅ ሳለ ዘመዱን ተከትሎ አርባ ምንጭ ገባ፤ ሲቀላ ሱቅ ከፍቶ በዚያው ቀረ። ዕቃ ለማምጣት ወደ መርካቶ ሲሄድ ከመሄጃው ቀን በፊት የመመለሻውን ቀን ይነግረናል። "ማክሰኞ እዚህ ነኝ፣ ኢንሻአላህ" ካለ ማክሰኞ ማታ በሩ ይንኳኳል። ስለ መንገዱ ግን ቃል አይወጣውም። "አባዬ፣ ምን አየህ?" ስንለው "ሰው" ይለናል፣ በቃ። ከእሱ የወረስኩት ዝምታውንና ሒሳቡን ነው። ሁለቱም ለትዳር አይመቹም ትላለች እናቴ።

እናቴ ደግሞ ዶርዜ ናት። ወንድሞቿ ሸማኔዎች ናቸው፤ በሃይማኖት ብንለያይም በዒድ ቀን ከተራራው ወርደው ቤታችን የማይመጡበት ዓመት የለም። አንደኛው አጎቴ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ይኖራል። እንደ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች ሙያውን ይዞ ሄዶ እዚያም እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ያንኑ ሸማ ይሠራል። ልጅ ሆኜ ሳየው የሚገርመኝ፣ ይህን ያህል ርቆ የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ከአንድ ቦታ ሳይነሳ መዋሉ ነበር።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ነገር ግን ከማንጎና ሙዝ ሙቀት ተነስተህ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ ውስጥ ትገባለህ። የእናቴ ዘመዶች ቤት እዚያ ነው። የዶርዜን ቤት ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራ ትልቅ ቅርጫት ማለት ነው። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም። ቦታ መቀየር ሲያስፈልግ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። የእናቴ ቤተሰብ አካሄድም እንዲህ ነው፤ የትም ሲሄዱ ቤታቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።

የቀረጸኝ ግን ቤተሰቤ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ አካባቢ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያና መፈናቀል አርባ ምንጭ ሲሰማ ከተማው በቁጣ ነደደ። እኔ ያኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የእናቴ ወገኖች ናቸውና ንዴቱ የእኔም ነበር። ወጣቱ ለበቀል ሲነሳ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ወጡ፤ መንገድ ላይ ተንበርክከው ለመኑ። የልጅ ልጆቻቸው በሚሆኑ ልጆች ፊት! ወጣቱም ተመለሰ። በጋሞ ባህል እርጥብ ሣር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ አይታሰብም። እኔ ብዙ ኹጥባ ሰምቻለሁ፣ ስለ ሶብር መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ቁጣን መዋጥ ምን እንደሚመስል በዓይን ያሳዩኝ ግን እነዚያ አባቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ "አርባ ምንጭ ምን አለ?" ሲሉኝ አዞና ሐይቅ ብቻ አልልም።

ወደ ዝርዝሬ ልመለስ። ጣንጃ የገባችው በኢብን በጡጣ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1325 በ21 ዓመቱ ለሐጅ ብሎ ከጣንጃ ወጣ፤ የእኛ ጎረቤት እስከሆነችው ዘይላ ድረስ መጣ፣ ሕንድ ደረሰ፣ ወደ ሀገሩ የተመለሰው ከ24 ዓመት በኋላ ነው። ሲመለስ ደማስቆ ላይ አባቱ ከሞተ 15 ዓመት እንዳለፈው ሰማ፤ እናቱም እሱ ጣንጃ ሳይደርስ በወረርሽኙ ሞታ ነበር። ይህችን ያነበብኩ ቀን ሱቅ ሄጄ ከአባቴ ጎን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እሱም እንደ ልማዱ አልጠየቀኝም።

ሐረርን የምፈልገው የጀጎልን አምስት በሮች በእግሬ ለመግባት ነው። ነጃሺ ግን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ የመጡት ሶሐባዎች ሀገር ሊያዩ አልመጡም፤ ተገፍተው፣ ተሰቃይተው ነው። ስማቸው የሚነሳበት የነጋሽ መስጂድም እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበታል። ስደት ነውር እንዳልሆነ ከእነሱ በላይ ማስረጃ የለም። ለዚህ ነው የሚሰደድ ሰው ላይ መፍረድ የማልወደው።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለታናሽ ወንድሜ ስል ነው። 12ኛን ጨርሶ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። አሁን በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ እወስድሃለሁ ከሚል ደላላ ጋር ስልክ ይደዋወላል። አባታችን አያውቅም። እናታችን ታውቃለች መሰለኝ፤ ሰሞኑን ሌሊት ሶላቷ ረዝሟል።

ሥራ አጥነት ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ "ተቀመጥ" ብዬ ብቻ ልመክረው አልችልም። ግን ስለ ጆሃንስበርግ ስጠይቀው የአንድ ሰፈር ስም እንኳ አያውቅም። ስለ ሴቻ ግን የሚጠላውን ሁሉ ሳይደክም ይዘረዝርልኛል፤ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል የምናይበት ደጃችን ሳይቀር አስጠልቶታል። ሶሐባዎቹ መካን እየወደዷት ነው የወጡት። ወንድሜ ሲመለስ የት ይቀመጣል? የመመለሻ ማክሰኞ የለውም።

ስለዚህ ለሐረር ያጠራቀምኳትን ብር አወጣሁና ሁለት ነገር አቀረብኩለት። አንደኛው፣ ሽሮ ሜዳ አጎታችን ጋ ሄዶ ሦስት ወር ሥራውን እንዲያይ፤ አጎቴ "ይምጣ፣ ቦታ አለኝ" ብሏል። ሁለተኛው፣ ሱቁ አጠገብ በስሙ ትንሽ የሞባይል ዕቃ መሸጫ እንድንከፍት። ከዚያ በኋላም መሄድ ከፈለገ፣ በሕጋዊ መንገድ፣ ለአባታችን ነግሮና ዱዓ ተደርጎለት እንዲሄድ።

ካቀረብኩለት ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው። ትናንት ከመግሪብ በኋላ "የሽሮ ሜዳው ክፍል መስኮት አለው?" ብሎ ጠየቀኝ። ለአጎቴ ደወልኩ፤ አለው።