ማሽላ በመዘዞ አይበቅልም

በኅዳር 2014 ጦርነቱ መዘዞ ሲደርስ እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ደብረ ሲና ተያዘች፣ ሞላሌ ተያዘች ይባላል። ስልክ ተቋርጧል። እናቴም አጎቴም እዚያ ናቸው። እንዲህ ባለ ቀን ሁላችሁም የምታደርጉትን ነው ያደረግሁት፤ ስልኬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ።

አንድ ማታ ቪዲዮ መጣልኝ። አርባ ሰከንድ ቢሆን ነው። መንገድ ዳር የወደቁ ሰዎች፣ የቀራጩ ትንፋሽ፣ ከላይ «መዘዞ፣ ዛሬ» የሚል ጽሑፍ። ደግሜ እንኳን አላየሁትም። ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁት፣ ፌስቡክ ላይም ለጠፍኩት። ከሥሩ ምን ብዬ እንደጻፍኩ እዚህ አልደግመውም። ብዙ ሰው አጋራው። ውጭ ያሉ የአገር ልጆች እያለቀሱ ደወሉልኝ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አካባቢው ተለቀቀ፤ ቆይቶም ስልክ ገባ። አጎቴ ደወሉ። እናቴ ደህና መሆኗን፣ ከብቶቹ አለመትረፋቸውን ነገሩኝና ትንሽ ዝም አሉ።

«ያንን ፊልም የላክኸው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ከሰዎቹ ኋላ ያለውን አዝመራ አየኸው?»

«አላስተዋልኩትም።»

«ማሽላ ነው። መዘዞ ማሽላ ማብቀል የጀመረችው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ለማታውቁት፦ መዘዞ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ደጋ ናት፤ ገብስና ባቄላ እንጂ ማሽላ አታውቅም። ማሽላ ማየት የፈለገ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ መውረድ አለበት። ይህን የመዘዞ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። በልቅሶ ዓይን ስመለከት ግን አላየሁትም። ሰዎቹ ደግሞ በስስ ሸሚዝ ነበሩ። በኅዳር፣ ያለ ጋቢ፣ መዘዞ ላይ!

በኋላ ፈልጌ አገኘሁት። ያው ቪዲዮ ከወራት በፊት በሌላ ከተማ ስም ወጥቶ ነበር። ያችንም ከተማ አምኜ ዳግመኛ መሳሳት ስለማልፈልግ ስሟን አልጠራም። የለጠፍኩትን አጠፋሁ፣ ይቅርታም ጻፍኩ። ይቅርታዬን ያነበበው ሰው ቪዲዮውን ካየው ጋር አይነጻጸርም።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ያ መንገድ ዳር የወደቀ ሰው የእውነት ሰው ነው። የሆነ ቦታ እናቱ ትፈልገው ይሆናል። እኔ አገሩን ቀየርኩበት። በዚያ ሰሞን መዘዞ ላይ በእውነት የደረሰውም አብሮ ተጎዳ። «የመዘዞው ነገር ሁሉ እንደ ማሽላው ነው» ብሎ የሚስቅ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሳቁን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ ያደረጉት ትልልቅ ጋዜጠኞች የሚሠሩትን ሥራ ነው። በጥር 2013 ትግራይ ውስጥ ማኅበረ ደጎ በምትባል ቦታ ወታደሮች ያልታጠቁ ወንዶችን ገደል አፋፍ ላይ ገደሉ። የቀረጹት ራሳቸው ወታደሮቹ ነበሩ። ቪዲዮው ሲወጣ ከመንግሥት የተሰጠው መልስ የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፍ ማስረጃ አይሆንም የሚል ነበር። ቢቢሲ፣ ሲኤንኤንና ቤሊንግካት ግን ሥራ ጀመሩ። ከሰዎቹ ኋላ የሚታየውን የተራራ ጫፍ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያዩት። የጥላውን አቅጣጫ አዩ። በመጋቢት 2013 ቦታው ይህ ነው ብለው አወጡት።

እኔ ያን ዘገባ አይቻለሁ። ሥራውን አድንቄአለሁም። በኛ ዙሪያ ግን «ቅንብር ነው» የሚል ብዙ ነበር፤ እኔ ያን ቃል ከአፌ ባላወጣውም ዝም ብያለሁ። ዝም ያልኩት ማስረጃ ስላነሰኝ አልነበረም። ስምንት ወር ሳይቆይ ደግሞ ማሽላ እያየሁ መዘዞ ነው አልኩ። የሌላው ሰው ሬሳ ሲሆን ተራራውና ጥላው ሁሉ ይመርመር፤ የራሴ ወገን ሲሆን ጽሑፉ ብቻ በቃኝ።

በመጋቢት 2014 ደግሞ መተከል፣ ጉባ ወረዳ ውስጥ ሰው በሕይወቱ ሲቃጠልና የከበቡት ሲቀልዱ የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። መንግሥት ድርጊቱን አምኖ እርምጃ እወስዳለሁ ያለው ያ ቪዲዮ አገር ካዳረሰ በኋላ ነው። ባይቀረጽ ኖሮ ምን ይባል እንደነበር ለእናንተ ልተወው።

ከዚያ መራዊ መጣ። ጥር 20 ቀን 2016። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ቢሆንም አስፋልት ላይ የተኙ አስከሬኖች የሚታዩበት ቪዲዮ እንደምንም ወጣ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ገለጸ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎችም ቪዲዮውን መርምሮ አረጋገጠ። «ቅንብር ነው» የሚለው ቃል ያን ቀን ወደ እኛ ተመልሶ መጣ። ማኅበረ ደጎ ላይ ስንወረውረው የነበረው ያው ቃል ነው፤ ፊደሉ እንኳን አልተለወጠም።

የምስል ነገር በአገራችን ዛሬ የመጣ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሀብ ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። የቤተ መንግሥቱ ግብዣ በመሐል በመሐሉ ተቀጥሎበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ረሀቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው። መቀሱን የያዘው ግን የተራበው ወሎዬ አልነበረም። ያው ደርግ ከአሥር ዓመት በኋላ የአብዮት በዓሉን ሲደግስ የዚያኑ አገር ረሀብ ከካሜራ ሸሸገው። ስለዚህ አንድ ሰው «ቪዲዮ አለ» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ማን ቆረጠው የሚል ሆኗል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በባለፈው ፋሲካ ምክንያት ነው።

መዘዞ ሄጄ ነበር። ከምሳ በኋላ አጎቴ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። የመሬት ደብተራቸውን ከሚያስቀምጡበት ሣጥን ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሜሞሪ ካርድ ነው። የልጅ ልጃቸው የቀረጸው ነው፤ ልጁ አሁን አገር ውስጥ የለም። ስልኬ ላይ ከተን አየነው።

ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። የታጠቁ ሰዎች አንድ ሰው መንገድ ዳር አንበርክከው ይደበድባሉ። እነማን እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል። ፊቱ በደንብ ይታያል። ድምፁም። መጨረሻ ላይ ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ካሜራውን ቀና አድርጎ ጋራውን ዳር እስከ ዳር ቀርጾታል። ከማሽላው ወዲህ አጎቴ ለቤቱ ልጅ ሁሉ ሲያስተምሩ ከርመዋል ማለት ነው። ብስቅ ደስ ባለኝ፣ ግን ሳቅ አልመጣም።

«ይውጣ ጋሼ» አልኳቸው። ጋራው አለ፣ ኦሪጅናሉ አለ፣ ማንም ቅንብር ሊለው አይችልም።

«ሰውዬው እዚሁ ነው ያለው።»

«ፊቱን እንሸፍነዋለን።»

«እዚህ አገር ሰው በፊቱ ብቻ ነው የሚታወቀው? ኮቱን አየኸው? አካሄዱን?»

መልስ አልነበረኝም። ዩቲዩብ ፊት መሸፈኛ ካመጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መዘዞን በሚያክል ከተማ ግን ሰው በኮቱ ይለያል። አጎቴ ሕጉንም ያውቁታል። በጥቅምት 2009 በአስቸኳይ ጊዜው ኢሳትና ኦኤምኤን ማየት እንኳን የተከለከለበትን ጊዜ ኖረውበታል። ኬላ ላይ ስልክ ሲፈተሽ አይተዋል። እኔ ለጥፌ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፤ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ሰውዬው ነው።

ግን ዝም ማለትም አልሆነልኝም። ሊቢያ ውስጥ ማሕሙድ አል ወርፈሊ ስለሚባል አዛዥ ነገርኳቸው። እስረኞች ሲያስገድልና ሲገድል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ፌስቡክ ላይ ወጡ፤ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በዋናነት በእነዚያ ቪዲዮዎች ተመርኩዞ በነሐሴ 2009 የእስር ማዘዣ አወጣበት አልኳቸው።

«ታዲያ ተያዘ?»

«አልተያዘም። በ2013 ቤንጋዚ ላይ ሰዎች ገደሉት።»

«በፍርድ?»

«አይደለም።»

አጎቴ ካርዱን ወደ ላስቲኩ መለሱት። «ለሰውዬው ንገረው» አሉኝ። «ዱላው የሱ ነው።»

በማግስቱ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ሦስተኛው ላይ ደረስን። በመጨረሻ ነገርኩት። መቀረጹን አያውቅም ነበር። «አሳየኝ» አለ። ሚስቱ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

ድምፁን እንድዘጋው ጠየቀኝ፣ ዘጋሁት። እስከ መጨረሻው አየው፤ ጋራው ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። እንዲወጣ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አሁን አይሆንም። ልጄ እዚህ ትማራለች።» ቆየት ብሎ «ግን እንዳታጠፉት» አለ።

እንደማናጠፋው ነገርኩት። ቅጂ አንድ ሌላ ቦታ እንደሚቀመጥ፣ በቴሌግራም እንዲሁ ከተላከ ጥራቱም የቀኑ መረጃም እንደሚጠፋ፣ ስለዚህ በፋይል መልክ እንጂ በሌላ መንገድ እንደማይላክ አስረዳሁት። ይህን ሁሉ ሰማኝ፤ ብዙም የሳበው አልመሰለኝም።

አጎቴ ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፈው ከካርዱ ጋር አስቀምጠው ነበር። አውጥቼ አነበብኩለት።

«ረቡዕ አይደለም» አለ። «ማክሰኞ ነው። ገበያ ለመሄድ ነው የወጣሁት። ስክሪብቶ አለህ?»

ሰጠሁት። ሰርዞ በራሱ እጅ ማክሰኞ ብሎ ጻፈ።