ተቀምጦ መድከም

ባሕር ማዶ የሚባለውን አገር ከረገጥኩ 17 ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ባሕሩን በእጄ ነክቼው አላውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያትል ስገባ ያሻገረኝ አውሮፕላን ነው፤ ውቅያኖሱ ከደመና በታች ተሰውሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ታክሲ እየነዳሁ በድልድዮቹ ላይ ስመላለስ ውኃውን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ግን በሰው ቤት ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ሥዕል አይቼው አልፋለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እኛ ደገኞች ውኃን የምናውቀው በክረምት፣ በሬሳ ሞልቶ ሲያጓራ ነው። አያቴ ወንዝ ዳር ካየችኝ፣ «ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» እያለች በአርጩሜ ታባርረኝ ነበር።

ወደ ባሕሩ የገፋኝ አንድ ቁጥር ነው። በ2023 የጸደይ ወራት፣ ምግብ ሳልቀምስ አድሬ የተለካው የደሜ ስኳር 118 ሆነ። 126 ሲደርስ በሽታው ስሙን እንደሚያገኝ ሐኪሙ አስረዱኝና፣ «ከወንበር ይነሡ» አሉኝ። በቀን 12 ሰዓት መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው ይህ ከእንጀራህ ተነሣ እንደ ማለት ነው። ቢሆንም ሰማኋቸው። አባቴ በዚሁ በሽታ አንድ እግሩን አጥቶ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር ያሳለፋቸው። በስልክ «እንዴት ዋልክ አባባ?» ስለው፣ «እንደ ተቀመጥኩ» ይለኝ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሲያርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበርና ቀብሩ ላይ አልቆምኩም።

የስፖርት ቤቱን የሩጫ መኪና ለሁለት ወር ሞከርኩት። እየሮጡ አንድ ቦታ መቆም ከታክሲ ሥራ በምን እንደሚሻል ሳይገባኝ ተውኩት። በዚህ መካከል ነው ልጄ «አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ከእኔ ጋር ና» ብላ ወደ ካያክ ትምህርት የወሰደችኝ። ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «ሰውየው ተቀምጦ ታመመ ተባለ፤ ደግሞ ተቀምጦ ሊድን!» አለች።

እውነቷን ነው፤ ካያክ ተቀምጠው የሚደክሙበት ስፖርት ነው። የባሕሩ ካያክ አምስት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱ ግን ከሰው ዳሌ ብዙም አይበልጥም። እግርን ወደ ፊት ዘርግተው ይገቡበታል፤ ወገብን የሚያቅፍ ውኃ የማያስገባ ሽርጥ ይታጠቁና የሽርጡን ጠርዝ በመግቢያው አፍ ዙሪያ ያጠብቁታል። የመጀመሪያው ትምህርት በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ነበር፤ ትምህርቱም መገልበጥ። ተዘቅዝቀህ፣ ጭንቅላትህ ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ ከፊትህ ያለችውን ማሰሪያ ጎትተህ ሽርጡን ታላቅቃለህ፤ ከዚያም ትወጣለህ። እስከ ሦስት የሚያስቆጥር ጊዜ ነው። ለእኔ ግን የበሬሳ ክረምት ሁሉ አለፈበት።

ሁለተኛው ትምህርት የበለጠ አስገረመኝ። ለአንድ ሳምንት በክንዴ ስቀዝፍ ሰንብቼ ትከሻዬ ሲያብጥ፣ ጸጉሯ የሸበተው አስተማሪያችን መጥታ ክርኖቼን ያዘችና እንዳላጥፋቸው ከለከለችኝ። ክንድ መያዣ ብቻ ነው ለካ! ጉልበቱ የሚመጣው ከወገብ መዞር ነው። መቅዘፊያው በቀኝ በኩል ውኃ ሲይዝ ቀኝ እግር የእግር መደገፊያውን ይገፋል፤ ኃይሉ ከእግር በዳሌ፣ ከዳሌ በጎን፣ ከጎን በጀርባ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ግራ ይዞራል። በደቂቃ 60 ያህል ጊዜ እቀዝፋለሁ፤ በሰዓት 3,600 መሆኑ ነው። የተቀመጠ የመሰለው ሰው ላቡ ከጀርባው ይወርዳል፤ የልቡን ምት በጆሮው ይሰማዋል።

ካያክን የፈጠሩት የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ለስፖርት አላሰቡትም። በእንጨትና በአጥንት አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው፣ በባለቤቱ አካል ልክ ሠርተው ያድኑበት ነበር። እነርሱ ምግብ ፍለጋ የቀዘፉበትን እኛ የበላነውን ለማቃጠል እንቀዝፍበታለን። አያቴ ቀኑን ሙሉ እርፍ ጨብጠው የዋሉ ገበሬ ነበሩ፤ ሰው ለመድከም ገንዘብ ይከፍላል ብላቸው አእምሮዬን ይጠራጠሩ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ። በ2024 የነሐሴ ከሰዓት ነው። ከልጄ ጋር አልካይ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ተነሥተን፣ በ1913 የተሠራውን የመብራት ማማ ዞረን፣ ወደ ደቡብ እስከ ሊንከን ፓርክ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ለመሄድ አሰብን። ነፋሱ ከሰሜን ነበር። ከኋላ ሲመጣ ነፋስ ነፋስ አይመስልም፤ ጥሩ ቀን ይመስላል። በቀኝ የኦሊምፒክ ተራሮች፣ ከፊት አንገቷን ብቅ አድርጋ የምትታዘበን አቆስጣ፤ እኔም ጎልማሳ ሆኜ ባሕርተኛ በመሆኔ እየተኩራራሁ በ50 ደቂቃ ደረስን። አፍንጫውን መልሰን ስናዞር ነው ያየሁት። ባሕሩ በሙሉ ነጭ አረፋ ለብሶ ወደ እኛ ይመጣል። የአያቴ ቃል ያኔ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ከነፋስ ጋር ሲገጥሙ ማረፍ የሚባል ነገር የለም። ለትንፋሽ ያህል መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ ሳሳርፍ፣ በአሥር ቀዘፋ ያገኘሁትን ነፋሱ ይወስድብኛል። ስፖርት ቤት ቢሆን ቁልፉን ተጭኜ እወርድ ነበር። እዚህ የመመለሻውን ጉልበት ሳላስቀምጥ ሁሉንም በመሄጃው አውጥቼዋለሁ። ልጄ ከጎኔ ሳትርቅ፣ «አባዬ፣ ዳር እንውጣና መኪናውን በእግሬ ሄጄ ላምጣው» አለችኝ። ቅርብ ነበር፤ ማስተዋልም ነበር። እኔ ግን «ትንሽ እንሞክር» አልኳት። ዳር ወጥቼ፣ እስክትመለስ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የምጠብቅበት ሥዕል በዓይኔ መጣ። «እንደ ተቀመጥኩ» የሚለው ድምፅም አብሮ መጣ። የግራ እግሬን ገፋሁ። የቀኝ እግሬን ገፋሁ። አባቴ ያልነበረውን እግር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አልካይ አሸዋ ላይ ስንወጣ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ልጄ በብብቴ ደግፋ አነሣችኝ። ከንፈሬ ላይ የደረቀው ጨው ይሁን እንባ አልለየሁትም፤ እርሷም አልጠየቀችኝም። ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አውጥታ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንወጣ አስቀድመን በነፋሱ ግንባር ላይ ነው የምንሄደው። ባለፈው ጊዜ ስለካ ስኳሬ 104 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው ምን እንዳደረግሁ ጠየቁኝ። ስለ ካያኩ፣ ስለ ነፋሱ፣ አሥር ዲግሪ ገደማ ስለሆነው ውኃ በኩራት ተረኩላቸው። ሲጽፉ ቆዩና ቀና አሉ።

«ዋና መቼም ይችላሉ?»

«ማክሰኞና ሐሙስ እየተማርኩ ነው» አልኳቸው።