ከሐረጎ ቁልቁለት እስከ ዊንድሶር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ ሐረጎን ሲጀምር ጆሮው ይደፈናል፤ የጦሳ ብርድም ከትከሻው ላይ እንደ ጋቢ ይገፈፍለታል። በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከደጋ ወደ ቆላማው ሜዳ የሚያወርደውን ይህንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስበት ኖሬአለሁ፤ አባቴ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርና። በ2010 ዓ.ም. መባቻ ላይ ግን የወረድሁት እንደ ወትሮው አመሻሽ ላይ ለመመለስ አልነበረም። የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ለመማር ለአንድ ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ልሄድ፣ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ልሳፈር ነበር።

በዋዜማው አያቴ ቡና አፍልተው፣ አቦሉና ቶናው አልፎ በረካው ሲቀዳ፣ እጄን ይዘው መረቁኝ። አያቴ ተወልደው ያደጉት በወረሂመኖ፣ በተንታ አካባቢ ነው። የምሄድበትን አገር ስም ሲሰሙ እንዝርታቸውን አቁመው፣

«መቅደላን ያቃጠለው እንግሊዝ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎን እማማ፣ እሱ ነው» አልኋቸው።

«አብሽር፤ አላህ በሰላም ይመልስህ። እንግዲያስ ከዚህ የወሰዱት ምን እንደሆነ አይተህ ትነግረኛለህ።»

እኔም የእርጅና ጨዋታ አድርጌ ቆጥሬው ስቄ አለፍሁ።

የደረስሁባት ከተማ ሊድስ ትባላለች። በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ፣ ቀድሞ በሱፍ ጨርቅ የበለጸገች ከተማ ናት። በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የሱፍ ፋብሪካዎች አንዱ የነበረው አርምሊ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ መዘውሮቹ ዘይት ተቀብተው ለጎብኚ ይታያሉ። በታኅሣሥ ወር ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። በአውቶቡስ ውስጥ ሰው የገፋህ እንደሆነ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ አንተ የገፋኸው እንደሆነም ይቅርታ የሚጠይቀው ያው ሰው ነው። እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣሁ አገር አየሁ። በዮርክ ካቴድራል ከባለ ቀለሙ መስተዋት መስኮቶች ሥር አንገቴ እስኪደነዝዝ ድረስ ቆሜአለሁ። ያየሁትን ሁሉ በፎቶግራፍ ወደ ደሴ እልክ ነበር። የአያቴን አደራ ግን ረስቼው ነበር።

የተከራየሁት ክፍል ሄዲንግሌ በሚባለው ሰፈር ነበር። አንድ ምሽት በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ስለ ሰፈሩ ታሪክ የሚያወሳ ጽሑፍ ሳገላብጥ ከማላውቃቸው የእንግሊዝ ስሞች መካከል አንድ የማውቀው ስም አገኘሁ፤ ዓለማየሁ፣ የቴዎድሮስ ልጅ። ልዑሉ የሞተው በዚያው በሄዲንግሌ ኖሯል! በየቀኑ ዳቦ ልገዛ በማልፍበት ሰፈር።

ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ባጭሩ ላስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አፋፍ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሲሠዉ ልጃቸው ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባውን ዘርፎ አቃጠለው። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ከተጋዘ በኋላ በዚያ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ታደለ። የልጁ እናት እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በመንገድ ላይ ታመው ዐረፉ፤ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁን ካፒቴን ስፒዲ የተባለው መኮንን ይዞት ሄደ። ራግቢ በተባለው ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። በመጨረሻም ሊድስ ውስጥ በአንድ መምህር ቤት ሳለ በሳንባ በሽታ ታሞ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም.፣ በ18 ዓመቱ ሞተ።

ከዚያች ምሽት ወዲህ በሄዲንግሌ ጎዳና ስሄድ እርምጃዬ ተለወጠ። እኔ ስልክ ነበረኝ፤ በየሳምንቱ የእናቴን ድምፅ እሰማለሁ፤ የመመለሻ ቲኬቴም በሻንጣዬ ውስጥ ነው። እርሱ ግን ከነዚህ አንዱም አልነበረውም። ያው ብርድ ግን እርሱንም አንዘፍዝፎታል።

በፋሲካ ዕረፍት ወደ ለንደን ወርጄ፣ ከዚያም በባቡር ወደ ዊንድሶር ሄድሁ። የንጉሣውያኑን ግንብ ለማየት ከየአገሩ የመጣው ጎብኚ ተሰልፎ ቲኬት ይቆርጣል፤ እኔም ቆረጥሁ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የስንቱን ንጉሥ መቃብር አልፌ የፈለግሁትን አገኘሁት፤ የዓለማየሁን ስም የያዘች የናስ ሰሌዳ። ንግሥት ቪክቶሪያ ያሠራችው ነው። በላዩ ላይ እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር የወንጌል ቃል ተቀርጿል። ቃሉን ደጋግሜ አነበብሁት። እንግዳ መቀበልስ መልካም ነው፤ ግን ልጁን እንግዳ ያደረገው ማን ነው? ስል ራሴን ጠየቅሁ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩና ብዙ ሳልቆይ ቦታውን ለቀቅሁ።

የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ ይመለስ ዘንድ በ1999 ዓ.ም. ጠይቆ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የልዑሉ ዘመዶች ጥያቄውን ባነሡ ጊዜም ቤተ መንግሥቱ በአጠገቡ ያረፉትን የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ እርሱን ማውጣት አይቻልም ሲል መልሷል።

ከዊንድሶር ስመለስ በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገባሁ። መቅደላ የተዘረፈበት 150ኛ ዓመት በመሆኑ ሙዚየሙ ከአምባው የመጡትን ዕቃዎች ለይቶ አሳይቶ ነበር። ሕዝቡ የሚከበው የወርቁን ዘውድና ጽዋውን ነው። እኔን ግን እግሬ ወስዶ ያቆመኝ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው ከሚባል አንድ ቀሚስ ፊት ነበር። እዚያ እንደ ጎብኚ ሳይሆን እንደ ሙያተኛ አየሁ። ከመስተዋቱ ውስጥ የተዘረጋው የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ጥልፉ የሐር ነው። ጨርቁን ትኩር ብዬ ሳየው የታየኝ ማሽን አይደለም፤ እንዝርት የምታሾር የሴት እጅ ናት። የአያቴ እጅ ናት። እናቲቱ በጨለቆት፣ ልጇ በዊንድሶር፣ ቀሚሷ በለንደን፤ ሦስቱ በሦስት ስፍራ መቅረታቸውን ባሰብሁ ጊዜ ዕንባዬ መጣ። ጠባቂው አይቶኝ ፊቱን ዘወር አደረገልኝ።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ትምህርቴን ፈጽሜ ደሴ ስገባ አያቴ አደራቸውን አልረሱም ነበር። ቡናው ሲፈላ ሁሉንም ነገርኋቸው። መጻሕፍቱን፣ ዘውዱን፣ ሰሌዳውን፣ በመጨረሻም ቀሚሱን። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ፤

«ያሳዝናል፤ የእናት ልጅ ነው። የወርቂት ልጅስ? ለእሱ የናስ ሰሌዳ ያቆመለት አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ወይዘሮ ወርቂት የወረሂመኖ ባላባት ነበሩ፤ ልጃቸው አመዴ በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታግቶ ይኖር ነበር። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከአምባው አምልጠው በወርቂት አገር በኩል ወደ ሸዋ ሲያልፉ ወይዘሮዋ በሰላም አሳለፏቸው። ዐፄ ቴዎድሮስም ተቆጥተው አመዴን ከሌሎች እስረኞች ጋር አስገደሉት። እንግዲህ መቅደላ የጀግንነት አምባ ብቻ አልነበረችም፤ የእስር ቤትም አምባ ነበረች። ለንደን የሄዱት መጻሕፍትና ዘውዶችም ቢሆኑ ብዙዎቹ ቀድሞ ከጎንደር አድባራት በንጉሡ ትእዛዝ ወደ መቅደላ የተጋዙ ነበሩ። ይህን መናገር የዘራፊውን በደል አያቀልለትም፤ የእኛን ሐዘን ግን ሙሉ ያደርገዋል።

በዚያው ዓመት በጥር ወር በኩታበር በኩል ወደ ተንታ፣ ከዚያም በእግሬ ወደ መቅደላ ወጣሁ። ባሕር ተሻግሬ ቅርሷን ያየሁላትን አምባ እስከዚያች ቀን ድረስ ረግጫት አላውቅም ነበር። እነሆ ማፈሬን አልደብቅም። በአምባው ላይ ሰልፍ የለም፤ ቲኬትም የለም። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ብቻ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ተጋድሟል። ነፋሱ ያፏጫል። የአመዴን ስም የያዘ ድንጋይ ፈልጌ አላገኘሁም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ የደሴ ሙዚየምም ተዘረፈ። በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ተሰልፈን የጎበኘነው ሙዚየም ነው። ያን ጊዜ የመጣው ባሕር ተሻግሮ አልነበረም፤ ዝሆንና በቅሎም አላስፈለገውም። በባዶው መደርደሪያ ፊት ስቆም የለንደኑ መስተዋት ትዝ አለኝ፤ ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንዳሳፈረኝ ለመናገር ይቸግረኛል።

ስለዚህ የተወሰደው ይመለስ ዘንድ መጠየቃችን የተገባ ነው፤ እኔም ከጠያቂዎቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ጥያቄያችን ክብደት የሚኖረው በእጃችን የቀረውን ስንጠብቅና የረሳነውንም ስናስብ ይመስለኛል። አያቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። ከነገሩኝ ሁሉ በደብተሬ ላይ ያሰፈርሁት ከለንደን ከተመለስሁ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው፣ ስቄ ያለፍሁት ሁሉ፣ አብሯቸው ተቀብሯል። ይህን ለዘረፋ የሚያሳብበው ሌላ ሰው የለኝም። እንዝርታቸውን ግን ከነልቃቂቱ አስቀምጬዋለሁ።